ወደ ባሌ ተራሮች በመኪና ለሚሄድ ቤተ ሰብ ስለ ማደሪያና ስለ ምግብ ቤት አመራረጥ

ቀድሞ አባቶቻችን ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰቡ ጊዜ ድንኳኑን በበቅሎ አስጭነው፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን፣ ቋንጣውንና ድርቆሹን በስልቻ አስቋጥረው ይነሡ ነበር። በመሸም ጊዜ ውሃውንና ሣሩን፣ የነፋሱን አመጣጥና የስፍራውን ጸጥታ በዓይናቸው አይተው ይሰፍሩ ነበር እንጂ፣ ሌላ ሰው ባዘጋጀው ቤት የሚተማመኑ አልነበሩም። ዛሬ ግን መንገዱ ተጠርጎ፣ አውቶሞቢሉ በዝቶ፣ በየከተማውም ሆቴልና ምግብ ቤት ተከፍቶ ስለሚገኝ፣ አንድ ሰው ባለቤቱንና ልጆቹን አሳፍሮ በጧት ቢነሣ ማታ 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊያድር ይችላል።

የእግሩ ድካም ስለ ቀለለለት የአሳቡም ድካም የቀረለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የቀድሞው መንገደኛ የሚያድርበትን ስፍራ መርምሮ ይመርጥ ነበር፤ የዛሬው መንገደኛ በስልክ የተላከለትን ፎቶግራፍ አይቶ፣ ወይም በመንገድ ዳር የበራውን መብራት ተከትሎ ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተመረጠ ማደሪያም ጉድለቱ የሚገለጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፣ የባሌ ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ለማየት በመኪና የሚሄድ ቤተ ሰብ ማደሪያውንና ምግብ ቤቱን እንዴት አድርጎ መምረጥ እንደሚገባው፣ በራሳችን ላይ የደረሰውን ጭምር በመጨመር፣ ለክቡራን አንባብያን ጥቂት ምክር እንሰጣለን።

ስለ አገሩ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የተቋቋመው በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሲሆን፣ ስፋቱም ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። በሰሜን በኩል የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት የዲንሾ አገር አለ፤ በዚያም የደጋ አጋዘን ከነግልገሉ በዛፉ ሥር ሲግጥ ይታያል። ከመካከሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የሳነቴ አምባ ተዘርግቷል። ይህ አምባ ጅብራ የበቀለበት፣ ትንንሽ ኩሬዎች እንደ መስተዋት የሚያበሩበት፣ ቀይ ቀበሮም ፍልፈል ሲያድን የሚውልበት ስፍራ ነው። የቱሉ ዲምቱ ተራራም በዚሁ አምባ ላይ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ከአምባው ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ደግሞ አስታውን አልፎ፣ የጫካ ቡናና መልካም ማር ወደሚገኝበት ወደ ሐረና ደን ይገባል።

ይህን ሁሉ በጥቂት ቀን ለማየት መቻል ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ክቡራን አንባብያን አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባቸዋል። በስምጥ ሸለቆ በባቱ ከተማ ምሳውን የበላ መንገደኛ የሚገኘው በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በማግስቱ በሳነቴ ላይ የቆመ እንደ ሆነ 2,400 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለው አገር ማደሪያ መምረጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ይሆናል።

ስለ አንዲት ሌሊት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱን፣ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ፣ የእኅቱ ልጅ መኪናውን እየነዳ ወደዚያው አገር ሄዶ ነበር። በመንገድ ስንዘገይ ስለ ዋልን ከዲንሾ ወዲህ ካለች አንዲት የደጋ ከተማ የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ከተማዪቱንም ቤቱንም አንጠራም፤ ጥፋቱ የእኛም ነበረና። ፎቁ ከፍ ያለ፣ መብራቱም ያማረ አንድ ማረፊያ ባየን ጊዜ ሳንጠይቅና ሳንመረምር ገባን።

ክፍሉ ለዓይን ንጹሕ ነበር። ይሁን እንጂ ብርድ ልብሱ ስስ፣ መስኮቱም ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ በምስማር የተመታ ነበር። እናቴ ብርዱ ስለ ጸናባቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የቤቱ አስተናጋጅም ይህን አይታ አዘነችና፣ ከማብሰያ ቤት የተቀጣጠለ ከሰል በምድጃ አምጥታ በክፍሉ መካከል አኖረችልን። እኛም አመስግነን በሩን ዘግተን ሁላችንም በአንድ ክፍል ተኛን።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ትንሺቱ ልጄ አስመለሳት። ባለቤቴም ራሷን እጅግ እንደሚያማት ነገረችኝ፤ እኔም ብድግ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ስለ ከፍታ ሕመም በመጽሐፍ አንብቤ ነበርና «ይህ የአገሩ ከፍታ ያመጣው ነው፤ ሲነጋ ይተዋችኋል» ብዬ ላረጋጋቸው ሞከርኩ። እናቴ ግን ከአልጋቸው ሆነው፣ «ልጄ፣ ይህ ከሰል ነው፤ ተነሥና በሩን ክፈት» አሉ። «እማማ፣ ጭስ እኮ የለም፤ ከሰሉም ደህና ቀልቷል» ብላቸው፣ «ጭሱን ብናይማ ቀድመን በወጣን ነበር፤ ይልቅ ክፈት!» ብለው ተቈጡ። በአጠገቡ የተኛው የእኅቴ ልጅ ይህን ሰምቶ በሩን በረገደው። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን ወደ ግቢው አወጣን። ጥቂት ቆይቶ ሁላችንም ነፍሳችን ተመለሰች፤ እስኪነጋም ድረስ በመኪናው ውስጥ ተቃቅፈን ተቀመጥን። በነጋም ጊዜ ልጅቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ እናትየው ባይነቁ ኖሮ ስድስታችንም በዚያው እንቀር እንደ ነበር ነገሩን።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ስፍራ ይይዛል። በከፍተኛ ቦታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ የሳሳ ስለ ሆነ ጕዳቱ የባሰ ይሆናል። የሚያሳዝነው ነገር የዚህ ጋዝ ምልክትና የከፍታ ሕመም ምልክት መመሳሰላቸው ነው፤ ሁለቱም ራስ ያሳምማሉ፣ ያጥወለውላሉ፣ ያደክማሉ። ስለዚህ በአንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሁሉም የታመሙ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱን ለመመራመር ሳይቀመጡ አስቀድመው ወደ ውጭ መውጣትና ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባቸዋል።

ከዚያች ሌሊት የተማርነው ይህ ነው። ማደሪያ የሚመረጠው ከቤተ ሰቡ መካከል ለደካማው፣ ማለት ለሽማግሌውና ለሕፃኑ ነው፤ የሚመዘነውም በሌሊት በሚሰጠው ዕረፍትና ደኅንነት ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ከዚህ አሳብ የሚወጣ ነው።

ስለ መንገዱና ስለ ሰዓቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሞጆና በባቱ አልፎ፣ ሻሸመኔ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ በኮፈሌ ወደ ዶዶላ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው በአዳማ በኩል ወደ አሰላ ወጥቶ፣ የታወቁት ሯጮች በተወለዱባት በበቆጂ አልፎ ዶዶላ የሚደርሰው ነው። ከዶዶላ በኋላ ሁለቱም መንገዶች አንድ ሆነው፣ በአዳባና በዲንሾ አልፈው ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ይገባሉ። ከመነሣት በፊት በሁለቱም በኩል ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው ከዚያው አገር ሰው ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

ልጆችና ሽማግሌዎች ያሉበት ቤተ ሰብ ይህን መንገድ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ማለት አይገባውም። የመጀመሪያውን ሌሊት በአሰላ ያደረ እንደ ሆነ፣ አሰላ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ለአዲስ አበባ ሰው አየሯ እንግዳ አይሆንበትም። በሻሸመኔ በኩል የሚሄድ ደግሞ በዚያው ወይም ጥቂት ራቅ ብሎ በሐዋሳ ቢያድር ማደሪያ በብዛት ያገኛል። በሁለተኛው ቀን ከእኩለ ቀን በፊት ተነሥቶ በጊዜ ዲንሾ ይደርሳል።

ሰዓትን በሚመለከት አንድ የማይፈርስ ደንብ ማውጣት መልካም ነው፤ ይኸውም ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ማደሪያ መግባት ነው። በብርሃን የደረሰ ሰው ክፍሉን አይቶ ካልወደደው ወደ ሌላ ለመሄድ ይችላል፤ በጨለማ የደረሰ ግን የተሰጠውን ይቀበላል። ደግሞም በደጋው መንገድ ላይ ከብቱ፣ ፈረሰኛውና ጭጋጉ ስለሚበዙ የሌሊት ጉዞ አደገኛ ነው።

ስለ ማደሪያ

ወደ ማደሪያው ሳይነሡ በስልክ፣ በደረሱም ጊዜ በቃልና በዓይን፣ የሚከተሉትን ነገሮች መጠየቅና መመርመር ይገባል።

1ኛ/ ከፍታውን። ከ2,500 ሜትር በላይ በሚገኝ ስፍራ የሚያድር ሰው የከፍታ ሕመም ሊያገኘው ይችላል። ሐኪሞች የሚመክሩት ደንብ፣ በቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል፣ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል፣ ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ስለዚህ ቤተ ሰብ ያለው ሰው ቀኑን በዲንሾ አጋዘኑን ሲመለከት ውሎ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ በሮቤ ቢያድር ይሻለዋል። የልብ ወይም የሳምባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ራስ ምታቱ የማይለቀው፣ የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው ቢኖር፣ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ነው።

2ኛ/ ሙቀቱን። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ዝናብ የማይበዛበትና ሰማዩ የጠራ ስለ ሆነ ለጕብኝት ይመረጣል። ነገር ግን በዚያው ወራት ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ በአምባው ላይም ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ስንት ብርድ ልብስ እንደሚሰጥ፣ ክፍሉ በምን እንደሚሞቅ፣ መስኮቱም የሚከፈት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በከሰል እናሞቃለን የተባለ እንደ ሆነ፣ በትሕትና እንቢ ብሎ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መለመን ይሻላል። ጋቢውንና የሱፍ ካልሲውን፣ የሙቅ ውሃ መያዣውንም ከቤት ይዞ የሄደ ሰው በማንም ላይ አይተማመንም።

3ኛ/ ውሃውንና መብራቱን። ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር እንዳለ፣ መጸዳጃውም ከክፍሉ ጋራ የተያያዘ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። አንዲት አሮጊት በእኩለ ሌሊት በብርድ ግቢ አቋርጠው እንዲሄዱ ማድረግ አይገባም። ክፍሉም በምድር ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ በከፍተኛ አገር ደረጃ መውጣት ለወጣቱም ያደክማልና።

4ኛ/ ጸጥታውን። በብዙ ሆቴሎች ምድር ቤት መጠጥ ቤት አለ፤ ሙዚቃውም እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማል። ስለዚህ በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል መጠየቅ ብልህነት ነው። መኪናውም ዘበኛ ባለበት ግቢ ውስጥ መግባት አለበት።

5ኛ/ ዋጋውን። ቁርስ በክፍሉ ኪራይ ውስጥ መቆጠሩን፣ ለልጆችም የተለየ ክፍያ መኖሩን ከመግባት በፊት ተነጋግሮ መጨረስ፣ ደረሰኝም መቀበል ይገባል። የከፈሉትን አውቆ የገባ እንግዳ በመውጫው ሰዓት አይከራከርም።

እነዚህን ነገሮች መዝኖ ላየ ሰው ስፍራዎቹ በየፊናቸው የሚስማማቸው እንግዳ አላቸው። ሮቤ የባሌ ዞን ዋና ከተማ ስለ ሆነች ሆቴልና ገበያ የሚበዛው በእርስዋ ነው፤ ለመጀመሪያው ሌሊት ትስማማለች። ጎባ ለሳነቴ ቅርብ ናት፤ ሪፈራል ሆስፒታልም ስላላት ሽማግሌ ይዞ ለሄደ ሰው ልብን ታሳርፋለች። ዲንሾ አውሬውን በማለዳ ተነሥተው ለማየት ለሚፈልጉ ብርቱዎች ይሆናል። በሐረና ደን ማደር የሚፈልግ ሰው ከሳነቴ በብዙ ዝቅ ያለና ብርዱ የቀለለ ስፍራ ያገኛል፤ ነገር ግን በደኑ ውስጥ ማረፊያ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቦታ መኖሩን በስልክ ሳያረጋግጥ አምባውን አይሻገር። በሳነቴ ላይ በድንኳን ማደር ግን ከፍታውን አስቀድመው ለለመዱ ጐልማሶች የሚሆን ነው፤ ሕፃን ይዞ የሚሞከር አይደለም።

ስለ ምግብ ቤት

በመንገድ ላይ የሚበላ ሰው የምግብ ቤቱን ወንበርና መጋረጃ ከማየቱ በፊት ሦስት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው የእጅ መታጠቢያው ነው፤ ውሃና ሳሙና ለእንግዳ ያላኖረ ቤት ለምግብ አብሳዩም አላኖረም። ሁለተኛው የሰው ብዛት ነው፤ የአገሩ ሰዎችና የመንገዱ ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ወጡ ሳያድር ያልቃል። ሦስተኛው ትኩስነቱ ነው፤ ከእሳት ላይ ወጥቶ እየጨሰ የቀረበ ምግብ፣ በጥሩ ሳሕን ከቀረበ ቀዝቃዛ ምግብ ይበልጣል። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ በቤትዎ የሚወደዱ ቢሆኑም በመንገድ ላይ ቢቀሩ ይሻላል። ያልተቀቀለ ሰላጣም እንዲሁ ነው። ውሃ ከታሸገ ጠርሙስ ወይም ከተፈላ በቀር ለሕፃን አይሰጥም።

በባቱ የሚያልፍ ሰው የሐይቁን ዓሣ ሳይቀምስ ቢሄድ ይቈጨዋል። ቆሮሶው በሙሉው ተጠብሶ በአዋዜና በሎሚ ሲቀርብ ለመንገደኛ መልካም ምሳ ነው፤ ለልጆች ግን እሾሁን እናትየው ወይም አባትየው ለቅመው መስጠት ይገባቸዋል። ከዶዶላ በኋላ የገብስ አገር ይመጣል። በዚያም ገንፎው፣ ቂጣውና ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጩኮ የታወቀ ነው። ጩኮ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ለስንቅም ይገዛል። ወተት ከየመንደሩ እንደ ልብ ይገኛል፤ ሆኖም ሳይፈላ መጠጣት አይገባም።

ስለ ሥጋ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በባሌ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ስለ ሆነ፣ በየከተማውም የክርስቲያንና የሙስሊም ምግብ ቤት ስለሚለይ፣ ሥጋ የሚበላ መንገደኛ ከመቀመጡ በፊት ማን እንዳረደው በትሕትና ይጠይቅ። በበሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ የሚገኝበትም ቤት አለ። ይህን መጠየቅ በአገራችን ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ አዝዘው ምግቡን መመለስ ግን ባለ ቤቱን ማሳዘን ነው። በአንድ መኪና ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የተገኙ እንደ ሆነ ዓሣ፣ እንቁላልና ሽሮ የሚሠራበትን ቤት መምረጥ ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። በረቡዕና በዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የሚሄድ ሰው የጾም ምግብ መኖሩን አስቀድሞ ይደውል። በረመዳን ወር የሚሄድም በቀን ብዙ ቤቶች ተዘግተው ሊያገኛቸው ስለሚችል ስንቁን ይያዝ።

በከፍተኛ ቦታ የሚሠራ ምግብ የራሱ ጠባይ አለው። በዲንሾ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ባቄላው፣ አተሩና ሥጋው ለመብሰል ይዘገያል፤ ቸኵሎ ያዘዘ እንግዳም ያልበሰለ ምግብ ይቀርብለታል። የሚሻለው ጧት ሲወጡ የራቱን ዓይነትና ሰዓት ለምግብ ቤቱ ነግሮ መሄድ ነው። ራቱም ሾርባ፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ድንች የመሰለ ቀላል ነገር ይሁን። ወደ ከፍታ በወጡበት የመጀመሪያ ሌሊት ጠጅም አረቄም አይጠጣ፤ ለጊዜው የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን ያደክማልና።

ወደ ሳነቴ የሚወጣ ሰው በአምባው ላይ ምግብ ቤትም ነዳጅ ማደያም እንደማያገኝ ይወቅ። ስለዚህ ከጎባ ሲነሣ ታንኩን ሞልቶ፣ ዳቦውን፣ የተቀቀለውን እንቁላል፣ ቆሎውን፣ ሙዙንና በቴርሞስ የተሞላውን ሻይ ይዞ መውጣት አለበት። በዚህ በኩል የአያቶቻችን ልማድ ዛሬም አላረጀም።

ስለ ፍርፋሪና ስለ ውሻ

ከምሳ በኋላ የሚቀረው አጥንትና ፍርፋሪ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ፓርክ ውስጥ የአንድ ፍጥረት ዘር ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በሙሉ ዕድሜ ላይ ያሉት ቢቆጠሩም ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከእነርሱም ከእኩሌታው የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። ይህን ፍጥረት ከጥይት ይልቅ የጐዳው ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነው። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ በሽታው በዌብ ሸለቆ በገባ ጊዜ፣ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉን ፈጅቷል። ከዚያም በፊትና ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተነሥቷል። ለእነርሱ ጥበቃ የቆሙ ሰዎች የየመንደሩን ውሾች እየዞሩ ይከትባሉ።

አሁን ክቡራን አንባብያን ያስቡ። በአምባው ላይ የተጣለ አጥንት ውሻን ይጠራል፤ ውሻውም ከቀበሮው ጋራ ይገናኛል። ስለዚህ ፍርፋሪውን በከረጢት ሰብስቦ ወደ ከተማ መመለስ፣ የቤት ውሻንም ይዞ ወደ ፓርኩ አለመሄድ፣ ለአውሬም ምንም ምግብ አለመስጠት ይገባል። ማረፊያ ሲመርጡም ጥራጊውን በገላጣ ሜዳ የሚጥለውን ቤት ትቶ፣ ቆፍሮ የሚቀብረውን ወይም አስወስዶ የሚያስወግደውን መምረጥ ለቀበሮው እንደ መመስከር ይቆጠራል። ልጆችም ይህን ከወላጆቻቸው ሲያዩ ከመጽሐፍ ከሚማሩት የበለጠ ያድርባቸዋል።

ባለፈው ዓመት እንደ ገና ከዚያው ቤተ ሰብ ጋራ ወደ ባሌ ሄደን ነበር። በዚህ ጊዜ በ10 ሰዓት ሮቤ ገባን፤ ሦስት ቤትም ጠይቀን በሦስተኛው አደርን። ከፊተኞቹ ሁለቱ የአንደኛው ፎቅ ያማረ ነበር፤ ግን መስኮቱ አይከፈትም። ያደርንበት ቤት ዝቅ ያለና ቀለሙ የደበዘዘ ሲሆን፣ ብርድ ልብሱ ወፍራም፣ ሾርባውም ትኩስ ነበር። ወደ ክፍሉ በገባን ጊዜ እናቴ ከሁሉ አስቀድመው የሄዱት ወደ መስኮቱ ነበር። ከፍተው ዘግተው ካዩት በኋላ፣ «እንግዲህ ዕቃውን አስገቡ» አሉን። በማግስቱ ሳነቴ ላይ ከመኪናው ሳይወርዱ፣ በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ አዩ። ትንሺቱ ልጄም በጭናቸው ላይ ተቀምጣ አብራቸው አየች።

ይህን ጥቂት ምክር አንብቦ የሚነሣ ሁሉ መንገዱ ይቅናው፤ በሄደበት ደህና አድሮ፣ ያየውንም ለቤተ ሰቡ እያወጋ በደኅና ይመለስ።